ገመዱን በሌላው ጫፍ የያዘችው

ስንዱ ማረፏን በስልክ የነገሩኝ ዕለት መጀመሪያ ያደረግሁት ነገር እጄን ዘርግቼ የሳሎኑን ግድግዳ መግፋት ነው። ለቅሶው በኋላ መጣ፤ ሲመጣም ልክ አልነበረውም። ያን ጊዜ ግን ሁለት መዳፌን ግድግዳው ላይ አሳርፌ ባለ በሌለ አቅሜ ገፋሁት፤ እሱም መልሶ ገፋኝ። የልጅ ልጄ "እማማ፣ ምን ሆነሽ ነው?" ብላ ሮጣ መጣች። "ምንም አልሆንኩም፤ አንድ ሰው ሰላም እያልኩ ነው" አልኳት። አያቴ ጃጀች ብላ ለእናቷ ሳትነግርብኝ አልቀረችም።

ነገሩን ላስረዳ። በጃንሆይ ዘመን መርካቶ፣ ከእህል በረንዳ ጀርባ በነበረ አንድ ትምህርት ቤት እኔ አስካለ አማርኛ አስተምር ነበር። ስንዱ ሳይንስ ልታስተምር የመጣችው እኔ ከገባሁ በኋላ ነው። አጭር ናት፣ ቀጭን ናት፣ ድምፅዋ ግን ከግቢው አልፎ ጆንያ ሰፊዎቹ ዘንድ ይሰማል። በመጣች በመጀመሪያው ሳምንት ከክፍሏ የሚወጣው ጫጫታ ማስተማር ቢከለክለኝ ተናድጄ ሄድኩና በበሩ ቀዳዳ አየሁ። ተማሪው ሁሉ ተነስቶ ግድግዳ ይገፋል! ጥርሱን ነክሶ፣ ላብ በላብ ሆኖ፣ ግድግዳ!

"ግድግዳው ምን አደረጋችሁ?" ትላለች ስንዱ።

"ገፋን!"

"እጁን አያችሁት?"

"አላየንም!"

"ታዲያ መግፋቱን በምን አወቃችሁ?"

ከዚያ አንዲት ልጅ መዳፏን ወደ ላይ አነሳች። "እትዬ፣ እጄ ቀልቷል። የግድግዳው ጭረት ወጥቶበታል።" ስንዱ የልጅቷን እጅ ይዛ በክፍሉ ሁሉ እያዞረች አሳየች፤ የታቦት ያህል። "ይኸው የግድግዳው እጅ! ብቻውን የሚገፋ የለም። የገፋ ይገፋል፣ የጎተተ ይጎተታል፣ የነካ ይነካል!" እኔም ለወቀሳ የሄድኩት ሴትዮ በሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ። ያን ቀን ማታ ቤቴ ገብቼ፣ በሩን ቆልፌ፣ ግድግዳ ገፋሁ። እንዲህ ነው የተዋወቅነው።

ይህች ሴት አንድ ነገር ብቻ ነበር የምታስተምረው ብል አላጋነንኩም። ሌላው ሁሉ የዚያ ቅርንጫፍ ነው። ኃይል የሚባል ነገር የአንድ ዕቃ ንብረት አይደለም፤ ሁለት ነገሮች ሲገናኙ በመካከላቸው ይፈጠራል፤ ሲፈጠርም ለሁለቱም እኩል ይደርሳል። በቃ። ይህንን ለመናገር ግን ያላመጣችው ጣጣ የለም። ተማሪ እያለቀሰ መጥቶ "እትዬ፣ ጉንጬን በቡጢ መታኝ" ሲላት "የእሱስ እጅ አላመመውም?" ትላለች። መቺው "አሞኛል" ካለ፣ "እንግዲያው ጉንጭም እጅን መትቷል፤ ሁለታችሁም ተንበርከኩ" ብላ ትፈርዳለች። ከዚያ በኋላ የቡጢ ክስ ወደ እሷ መሄዱ ቆመ።

አንድ ቀን ከአሮጌ ዕቃ ሻጮች የተሰበረ የሬዲዮ ማግኔት ገዝታ መጣች። በክር አንጠለጠለችውና ምስማር አስጠጋችለት። ምስማሩን በጣቷ ጠበቅ አድርጋ ስለያዘችው ማግኔቱ ራሱ ተወዛውዞ ወደ ምስማሩ ሄደ። "አየሽ አስኩ? ሁሉ ሰው ማግኔት ምስማርን ይስባል ይላል። ምስማርም ማግኔትን ይስባል! ሳይነካኩ! በመካከላቸው ምንም ነገር ሳይኖር!" እያለች ዘለለች፤ የምሬን ነው፣ አስተማሪዎች ክፍል ውስጥ ዘለለች። ሌላ ጊዜ ደግሞ ድንች እየላጥኩ ሳለ ከእጄ ወደቀብኝ። ላነሳው ሳጎነብስ፣ "መሬት ብቻዋን አይደለችም እኮ የሳበችው፤ ድንቹም መሬትን ስቧታል" አለችኝ።

"ታዲያ መሬት ለምን አልተነሳችም?"

"ተነስታለች! ከባድ ስለሆነች ነው ያላየሻት።"

እግሬ ሥር ያለውን መሬት በጥርጣሬ አየሁት። እስካሁንም አልፎ አልፎ አየዋለሁ።

መርካቶን ከእሷ ጋር ማቋረጥ ደግሞ ሌላ ፈተና ነው። ኩሊ ጋሪ ሲገፋ ካየች መንገድ መሀል ቀጥ ትላለች። "እግሩን እዪው! ጋሪውን ወደ ፊት ሲገፋ መሬትን ወደ ኋላ እየገፋ ነው። መሬት ናት እሱን ወደ ፊት የምትሰደው!" "ዞር በይ፣ መንገድ!" ይጮሃል ኩሊው። በነጠላዋ ጎትቼ አወጣታለሁ። "አንቺስ አሁን ስትጎትቺኝ..." ትጀምራለች። "ስንዱ፣ በማርያም!" እላለሁ።

እንግዲህ እንዳልረሳት ያደረገኝ የገመዱ ጉዳይ ነው።

መርካቶን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ከፋሲካ በኋላ ባለው ሳምንት የእህል በረንዳና የአትክልት ተራ ኩሊዎች ገመድ ጉተታ ይገጥሙ ነበር። ጨዋታ ነው ቢባልም ጨዋታ አይደለም። ያሸነፈው ወገን ዓመቱን ሙሉ በጠባቦቹ መተላለፊያዎች ውስጥ መንገድ ይለቀቅለታል። ሁለት ጋሪ ፊት ለፊት ሲገናኝ የተሸነፈው ወገን ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ሕጉ ይኸው ነው፤ ፖሊስም አይገባበትም። በዚያን ጊዜ እህል በረንዳ ለዓመታት ሳይሸነፍ ኖሯል፤ ምክንያቱም ሽብሩ ነበራቸው። ሽብሩ የኩሊዎቹ አለቃ ነው። ኩንታል ሲያነሳ ትራስ የሚያነሳ ነው የሚመስለው፤ ሲስቅ ደግሞ ጎረቤት ያለው ሁሉ ሳያውቅ አብሮ ይስቃል። ነጋዴው ካሚዮን ሲገባለት "ሽብሩን ጥሩት" ነው የሚለው።

ስንዱ ተማሪዎቿን ሰልፍ አስይዛ ጉተታውን ልታሳይ ወሰደቻቸው። እኔም አብሬ ሄድኩ፤ ለትምህርት ሳይሆን ለማየት። እንደተለመደው እህል በረንዳ ጎትቶ ጣላቸው፤ ጭፈራው፣ አቧራው፣ ፉጨቱ! ጭፈራው ትንሽ ጋብ ባለበት ቅጽበት ያ የስንዱ ድምፅ ወጣ፦

"ልጆች፣ የቱ ወገን ነው ገመዱን በበለጠ ኃይል የጎተተው?"

"እህል በረንዳ!"

"ተሳስታችኋል። እኩል ነው የጎተቱት።"

ሽብሩ ገመዱን ከትከሻው አውርዶ ዞረ። "ምን አልሽ?"

"እኩል ነው የጎተታችሁት አልኩ።"

"ከእነዚህ ጋር? እኩል?"

"እኩል" አለች ስንዱ፤ ፊቷ በደስታ በርቶ። ሰውዬው የተሰደበ መስሎት እንደሆነ ጨርሶ አልገባትም። እኔ ገብቶኛል። በክንዷ ይዤ ወደ ትምህርት ቤት አስሮጥኳት።

በማግስቱ ጉድ ፈላ። የአትክልት ተራ ልጆች ቃሏን እንደ ሎተሪ አነሱት። እህል የጫነ ጋሪ ሲመጣባቸው "አንለቅም! አስተማሪዋ እኩል ናችሁ ብላለች!" እያሉ ቆሙ። "ያነበበች ናት፣ ከእናንተ ታውቃለች!" እያሉ ያሾፋሉ። ጋሪና ጋሪ ተላተመ፤ ጆንያ ተቀደደ፤ ቲማቲም ተረገጠ፤ ሁለት ሰው ተፈነከተ። መተላለፊያው ተዘጋ፣ ካሚዮኖቹ መንገድ ላይ ተሰልፈው ቆሙ። ሳምንት ሳይሞላ የመርካቶ ሽማግሌዎች በሐጂ ሰይድ መሪነት ትምህርት ቤታችን መጡ። ሐጂ ሰይድ ወሎዬ ናቸው፤ የጨርቅ ነጋዴ፤ በሁለቱም ሰፈር የሚከበሩ፣ ነገር የሚያበርዱ ሰው። ሽብሩም አብሯቸው ነበር።

"ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ" አሉ ሐጂ ለዲሬክተራችን ለአቶ በቀለ። "የእርስዎ አስተማሪ ገበያውን በጥብጣብናለች።"

ሽብሩ ቆቡን በእጁ እያሻሸ ተናገረ፤ ድምፁ የተቆጣ ሰው ድምፅ አልነበረም፤ የተጎዳ ሰው ነው። "እኔ ርስት የለኝም፣ ሱቅ የለኝም። ያለኝ ጉልበቴ ነው። ሽብሩ ከማንም ጋር እኩል ነው ከተባለ ነጋዴው ለምን እኔን ይጠራል? ያለችውን ሰው ፊት ትመልስልኝ።"

አቶ በቀለ ስንዱን አስጠርተው እኔ ባለሁበት ቁርጡን ነገሯት። "ወይ እሁድ ገበያው መሀል ቆመሽ ተሳስቻለሁ ብለሽ ይቅርታ ትጠይቂያለሽ፣ ወይ ወደ ጠረፍ የዝውውር ደብዳቤሽን ትወስጃለሽ።"

ስንወጣ ለመንኳት። "አንቺ ሴት፣ ይቅርታ ቃል ነው፤ ተናግረሽው ግቢ። ምን ይጎድልብሻል?"

"ሰኞ ክፍል ገብቼ ምን ልበላቸው አስኩ? ሕጉ የሚሠራው እስከ እህል በረንዳ አጥር ድረስ ነው ልበል?"

"ጠረፍ ይልኩሻል! ወባ!"

"አውቃለሁ" አለች። እናቷን ብቻዋን የምትጦር ልጅ ናት፤ ፈርታለች። ፈርታም ግን ተመልሳ ወደ ዲሬክተሩ ገባችና፣ "እሁድ እሄዳለሁ፤ ግን ይቅርታ ከመጠየቄ በፊት ሽማግሌዎቹ እንድፈተን ይፍቀዱልኝ" አለች። ሐጂ ሰይድ ሰሙና ወደዱት። "የተከሰሰ ማስረጃ ያቀርባል፤ ደንብ ነው" አሉ።

እሁድ ሱቁ ተዘግቶ ነበር፤ ሰው ግን በአዘቦት ቀን እንኳ እንደዚያ መጥቶ አያውቅም! ሽማግሌዎቹ መጋዘኑ በር ላይ ጆንያ ላይ ተቀመጡ። እህል በረንዳ በግራ፣ አትክልት ተራ በቀኝ። አቶ በቀለ ኮታቸውን ለብሰው ጥግ ላይ ቆመዋል፤ የማያውቁን ይመስላሉ። ስንዱ ሸራ ጫማ አድርጋ፣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ መጣች፤ ሁለት ባለ ሞላ ሚዛን እንዲመጣላት ጠየቀች፤ ያ መንጠቆ ያለው፣ ጆንያ ሲያንጠለጥሉበት ጠቋሚው የሚወርደው። አንዱን ከእህል በረንዳ፣ አንዱን ከአትክልት ተራ አመጡ፤ ማንም የሌላውን ሚዛን አያምንማ።

"መጀመሪያ ሚዛኖቹን እንመዝን" አለች። አንድ ጆንያ ሽንኩርት በሁለቱም ተራ በተራ ተንጠለጠለ። የእህል በረንዳው ሚዛን በጣም አብልጦ አሳየ! ሕዝቡ ሁሉ ባለቤቱን፣ አንድ ወፍራም ነጋዴን አየ።

ነጋዴው አሳለው። "ዝናብ መትቶት ነው" አለ።

"ስንት ክረምት ነው የመታው?" አለ አንዱ ከኋላ፤ ሳቁ መጋዘኑን አናጋው። እኔ ግን አልሳቅኩም፤ ባትመዝነው ኖሮ እዚያው ማለቋ ነበር። ሌላ ሚዛን ፈልገው አመጡ፤ ሲፈተሽ ከአትክልት ተራው ጋር ገጠመ።

ስንዱ ሁለቱን ሚዛኖች መንጠቆ ለመንጠቆ አያያዘቻቸውና በየጀርባቸው ገመድ አሰረች። "አንዱን ጫፍ ሽብሩ ይይዛል። ሌላውን እኔ። በሽብሩ በኩል ያለውን ሐጂ ያንብቡ፤ በእኔ በኩል ያለውን አስካለ ታንብብ።"

"ሴት ልጎትት?" አለ ሽብሩ ተደናግጦ። "ሰው ምን ይለኛል?"

"ከእኔ ጋር እኩል ነህ ከሚሉህ አይሻልም?" አለችው፤ ወገኖቹ ሳይቀሩ ሳቁበት።

ገመዱን ያዘ። ቀስ ብሎ ሳበ። እኔ ሚዛኑ ላይ አፈጠጥኩ።

"አሥራ አምስት!" አሉ ሐጂ።

የእኔን አየሁ። "አሥራ አምስት!" ብዬ ጮህኩ፤ ድምፄ እንደዚያ ይወጣል ብዬ አስቤ አላውቅም።

"ጨምር" አለች ስንዱ።

"ሃያ!" "ሃያ!"

አትክልት ተራ ማጨብጨብ ጀመረ። ሽብሩ ተናደደና መንጭቆ ሳባት። የስንዱ ጫማ መንሸራተት ጀመረ፤ አቧራውን እየሰነጠቀች ወደ እሱ ትሄዳለች፤ እኔ ከጎኗ እየሮጥኩ፣ ሐጂ ጀለቢያቸውን ሰብስበው እየሮጡ፣ ሁለታችንም በአንድ አፍ "ሃያ አምስት!" አልን።

ሽብሩ ገመዱን ወረወረው። "ሃያ አምስት ኪሎ? እኔ? ኩንታል ተሸክሜ ደረጃ የምወጣ ሰው? ሚዛኑ አብዷል!"

"አላበደም" አለች ስንዱ፤ ትንፋሿ ተቆራርጧል፣ ዓይኗ ግን እንደ ሕፃን ዓይን ያበራል። "ከዚህ በላይ ልትጎትተኝ አትችልም፤ እኔ ከዚህ በላይ ልይዝህ ስለማልችል። የገመዱ ኃይል እጅህ ውስጥ ተቀምጦ የሚጠብቅ ዕቃ አይደለም ሽብሩ። አንተ ስትስብ፣ ሌላው ሲይዝህ፣ ያን ጊዜ ይወለዳል። የሚይዝህ ከሌለ ባዶ ገመድ ነው የምትስበው። በል፣ ገመዴን ከመጋዘኑ ምሰሶ ጋር እሰረውና ሞክር።"

አሰረ። በረባሶውን መሬት ውስጥ ተክሎ፣ ወደ ኋላ ተንጋሎ ሳበ። ጠቋሚው ወረደ፣ ወረደ። "ሰማንያ!" አሉ ሐጂ፤ እህል በረንዳ በእልልታ ተናወጠ። እኔ የምሰሶውን ሚዛን አየሁ። "ሰማንያ! ምሰሶውም ሰማንያ!"

"እንጨት ይጎትታል እንዴ?" አለ ሽብሩ።

"ካልጎተተህማ በጀርባህ ወድቀህ ነበር።"

ሽብሩ ወደ ምሰሶው ሄዶ ቋጠሮውን በእጁ ዳሰሰ። ሕዝቡ ስድብ ይጠብቃል። እሱ ግን ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ለራሱ የሚጠይቅ ያህል ጠየቃት። "እሺ። እኩል ከሆነ ታዲያ እኔ የማሸንፈው በምንድን ነው?"

ስንዱ ይህንን ጥያቄ ዕድሜዋን ሙሉ ስትጠብቀው የኖረች ይመስል ነበር። "በእግርህ!" ብላ ጮኸች። "ኩሽኔታ ጋሪ አምጡልኝ!"

ያንን በኩሽኔታ ጎማ የሚሄድ፣ ከሳንቃ የተሠራ ጋሪ አመጡና ሽብሩን ላዩ ላይ አቆመችው። ሚዛኖቹ ተፈቱ፤ እሱ አንድ ጫፍ፣ እሷ አንድ ጫፍ። ስንዱ እግሯን አጥብቃ ሳበች። የእህል በረንዳው ሽብሩ፣ ያ ተራራ፣ ኩሽኔታው እየጮኸ ወደ አንዲት ቀጭን አስተማሪ መንከባለል ጀመረ! ሊያቆም ብሎ ገመዱን ወደ ራሱ መነጨቀ፤ ባሰበት። በጎተተ ቁጥር ራሱን እየጎተተ መጣ፤ መጥቶ መጥቶ አጠገቧ ሲደርስ በእጇ ደረቱን ገፍታ አቆመችው።

አትክልት ተራ እንኳ መሳቅ ፈራ። ሽብሩ ከጋሪው ወረደ። መሬቱን አየ። በእግሩ አንዴ መታ፣ ደግሞ መታ።

"ስለዚህ በዚህ ሁሉ ዘመን መሬት ናት የያዘችልኝ?"

"አንተ በርትተህ ትገፋታለህ፤ እሷም በርትታ ትገፋሃለች። ሌሎቹ እንደ አንተ መግፋት አያውቁበትም። ጉልበትህ ጉልበት ነው ሽብሩ፤ ማንም አይወስድብህም። ብቻህን ግን ሆነህ አታውቅም።"

ሽብሩ ሳቀ። ያ የታወቀው ሳቁ! መጋዘኑ፣ ሽማግሌው፣ ልጁ፣ ሁሉም አብሮት ሳቀ፤ እኔ እየሳቅኩ አለቀስኩ። ሐጂ ሰይድ ተነስተው ፈረዱ። "ገመዱ ላይ እኩል ናችሁ፤ መሬት ላይ እህል በረንዳ ይበልጣል። ስለዚህ መንገድ ለእህል በረንዳ ይለቀቅ። እህል በረንዳም ባለፈ ቁጥር 'ስለያዛችሁን እግዜር ይስጥልን' ይበል። አትክልት ተራ ባይዝለት ማንን ያሸንፍ ነበር?" ከዚያ ቀን ጀምሮ በእነዚያ መተላለፊያዎች ኩንታል የተሸከመ ሰው "ስለያዛችሁን!" እያለ ሲያልፍ፣ ቲማቲም የያዘው "አብሮ ይስጠን!" እያለ ሲመልስ ሰምቻለሁ። መርካቶ ውስጥ ከሰማሁት ሁሉ ደስ የሚለኝ እሱ ነው።

ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ ጥሩ ነበር። ሰኞ ከሰዓት አቶ በቀለ ቢሯቸው ጠሩኝ። "ከሚቀጥለው ሳምንት ጀምሮ ሳይንሱን አንቺ ትይዢልናለሽ" አሉኝ።

"እኔ? ስንዱስ?"

"ዝውውሯ ተጽፏል። የመንግሥት አስተማሪ ገበያ መሀል ከኩሊ ጋር ገመድ ስትጎትት አይቼ ዝም ልል ነው? የትምህርት ቤቱን ስም ምን አደረገችው?"

"ተፈርዶላታል እኮ ጋሼ!"

"በእኔ ቢሮ አልተፈረደላትም።"

ስንዱ ጠዋት ደብዳቤውን ተቀብላ ቤቷ ገብታ ነበር። ለማንም አልተናገረችም፤ ለእኔም ጭምር። እኔ ገና ቢሮው ውስጥ ቆሜ ሳለሁ ነው ግቢው በሰው የተሞላው። እንዴት እንደሰሙ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ መርካቶ ነው፣ ወሬ ከካሚዮን ይፈጥናል። በመስኮት ሳይ እህል በረንዳና አትክልት ተራ ተቀላቅለው ቆመዋል። ሐጂ ሰይድና ሽብሩ አንኳክተው ገቡ።

"የአስተማሪዋን ነገር ብለን ነው" አሉ ሐጂ።

አቶ በቀለ በሽብሩ ላይ አፈጠጡ። "አንተ አይደለህም እንዴ የከሰስካት?"

"ነኝ ጌታዬ። ከሰስኩ፣ ተረታሁ። የረታችኝን ሰው ከአገር ሊያስወጡብኝ ነው? ነገ ሽብሩ ቢሸነፍ አስባረራት ይሉኛል። እኔ ገመድ አብሮኝ የያዘን ሰው በጀርባው አልሸጥም።"

"ይህ የመሥሪያ ቤት ጉዳይ ነው። የእናንተ ቦታ አይደለም።"

"እሺ" አለ ሽብሩ በትሕትና ጎንበስ ብሎ። "እርስዎ ይጎትቱ፤ እኛም እንጎትታለን። እኩል ነው፣ ሕጉ ነው። እኛ ግን በመሬት ላይ ነው የቆምነው።" ከዚያ የዲሬክተሩን ወንበር፣ ያንን ከውጭ የመጣ ብለው የሚኮሩበትን የቢሮ ወንበር እግር በዓይኑ አመለከተ። "የእርስዎ ወንበር ጎማ አለው።"

አቶ በቀለ ወደ ታች አዩ። አምላኬ ምስክሬ ነው፣ ወንበራቸውን አዩ። ሐጂ ሰይድ አፋቸውን በሻሻቸው ጫፍ ሸፈኑ። ዲሬክተሩ በመስኮቱ ግቢውን የሞላውን ሰው አዩ፤ በመጨረሻ የደብዳቤውን ግልባጭ ከጠረጴዛው አንስተው ለሁለት ቀደዱት። "ትቆይ" አሉ። "ውጡልኝ አሁን።"

እኔ ከሁሉም ቀድሜ ወጣሁ። በዚያ ዕድሜዬ፣ በዚያ ቀሚሴ፣ እስከ ስንዱ ቤት ሮጥኩ። ሻንጣዋን አልጋው ላይ ከፍታ ልብሶቿን እያጠፈች ነበር፤ እናቷ ጥግ ላይ ተቀምጠው ያለቅሳሉ። እያለከለክሁ ሁሉንም ነገርኳት፦ ሽብሩ ያለውን፣ ሐጂን፣ ግቢው ውስጥ የቆሙትን የሁለቱንም ሰፈር ሰዎች፣ የተቀደደውን ወረቀት። ያቺ ለግድግዳ፣ ለድንች፣ ለምስማር ሁሉ መልስ የነበራት ሴት ያጠፈችውን ሹራብ ደረቷ ላይ ይዛ ሻንጣው ጎን ተቀመጠች፤ ከዚያ ፊቷን ሹራቡ ውስጥ ቀብራ ተንሰቀሰቀች።

"ምን ሆነሽ ነው ስንዱዬ? ቀርተሻል እኮ!"

"አስኩ" አለች፤ ድምፅዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ከአጠገቤ እንኳ በቅጡ አልተሰማም። "እኔ ብቻዬን የቆምኩ መስሎኝ ነበር።"

አጠገቧ ተቀመጥኩና ትከሻዋን ያዝኩ። ከዚያ ሻንጣውን አብረን ፈታን።